የተገለበጠው ታንኳ

አባቴ እንፍራንዝ ላይ ዳጉሳና በቆሎ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነው። ማማ ላይ ተቀምጦ ዝንጀሮና ከርከሮ ሲጠብቅ ስላደገ ቁጥቋጦ ሲንቀሳቀስ ነፋስ ነው ብሎ አያልፍም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይለኝ ነበር። የራሴን ስም እንኳ ከአፉ የዚህን ተረት ያህል አልሰማሁትም። እኔ ደግሞ ነገሩን ከእርሻ አውጥቼ ሙያ አደረግሁት። ትልልቅ የዱር እንስሳትን አጠናለሁ፤ በተለይ የጣና ዳር ጉማሬዎች ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ፣ ወይም እንዴት አልኖር እንዳሉ። መጠርጠር እንጀራዬ ሆነ ማለት ነው።

ባሌ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ከዓባይ ማዶ ቤታችን ጠዋት አብረን እንወጣና እሱ ወደ ሥራው፣ እኔ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር እንሄዳለን። «አንች እኮ ስኳሩ ጨው እንዳይሆን ቀምሰሽ ነው ሻይ ውስጥ የምትጨምሪው» እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ጨው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሐይቁ ዳር ሰዎችም በመጠርጠር ከእኔ አያንሱም። አንዲት ሴትዮ ቦቲ ጫማ ተጫምታ፣ የጉማሬ ፋንድያ በፌስታል ስትለቅም ያየ ሰው ምን ይበል? አንዱ ለመድኃኒት ነው አለ፤ ሌላው ለውጭ አገር ሰዎች ትልካለች አለ። ሦስተኛውና አደገኛው ወሬ ደግሞ ዳርቻውን ለባለሀብት እየለካሁ ነው የሚለው ነበር። ስንት ጉማሬ እንዳዩ ስጠይቃቸው መልሱ የሚወሰነው እኔን ማን አድርገው እንደገመቱኝ ነው። እርዳታ አመጣች ካሉ ሐይቁ በጉማሬ ተሞልቷል፤ መረብ ልታስከለክል ነው ካሉ ደግሞ ጉማሬ የሚባል ነገር በአያቶቻቸው ዘመን ነው የጠፋው። ሽንኩርትና በቆሎ የሚያለሙት ገበሬዎች ጉማሬ በገባባቸው ቁጥር «ያንች ከብቶች ትናንትም መጡ» ይሉኛል። በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ብዙዎቹ ከልባቸው ነበር የሚሉት፤ ጉማሬዎቹን ከሌላ ቦታ አምጥቼ የለቀቅሁባቸው እኔ መሆኔን ያመኑ ነበሩ።

ጉማሬ ስጠብቅ የምቀመጠው አንድ ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ደንገላቸውን በሚያሰጡበት ሜዳ ላይ ነበር። ደንገል ታንኳ የሚሠራበት የሐይቁ ረጅም ሣር ነው። ያጭዱታል፣ ያሰጡታል፣ ሲደርቅ በነዶ በነዶ አድርገው በዛፍ ልጥ ጥፍር አድርገው ያስሩታል። ሜዳው የእሳቸው አልነበረም። ከአጠገቡ የሞተር ጀልባ ማቆሚያ ያለው ሰውዬ ዳርቻውን ተከራይቶ አጥሮታል፤ ሽማግሌው የሚያሰጡት በእሱ ይሁንታ ነው። «ሂዱልኝ» ካለ መሄድ ነው። ከእነልጃቸው ከእነምራታቸው የሚኖሩትም እዚያው ጥግ ላይ ባለች ቤት ነበር።

እኚህን ሰው ለረጅም ጊዜ አላመንኋቸውም። ልጅ ሆኜ እንፍራንዝ ውስጥ ስለ ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች የሰማሁት ሁሉ በሹክሹክታ ነበር፤ ከቤታቸው ውሃ አይጠጣም፣ የማይበላ ይበላሉ፣ ጉማሬ በጦር ይገድላሉ ይባል ነበር። ተምሬ፣ የዚህን ሐሜት ክፋት አውቄ፣ እንደገና ስመጣ ሐሜቱ ከአእምሮዬ ቢወጣም ከዓይኔ አልወጣም። ሽማግሌው ጉማሬ ብቅ ባለ ቁጥር ልጡን በጥርሳቸው እንደያዙ ቀና ብለው ትክ ብለው ያያሉ። እኔ ደግሞ እሳቸውን አያለሁ። ገበያ ላይ የሰባ በግ የሚያይ ሰው ዓይን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አልቻልሁም፣ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ የጉማሬ ሥጋ ቀምሰው ያውቃሉ?»

«አያቶቼ በልተዋል» አሉ ሥራቸውን ሳያቆሙ። «እኔ አልበላሁም። ብበላም ላንች አልነግርሽም።»

በዚህ ተግባባን። እሳቸው እኔን አያምኑም፣ እኔም እሳቸውን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ግን አንዲት ጉማሬ እናያለን። ከአፍንጫዋ በላይ የተሰነጠቀ ጠባሳ ያላት እናት ናት። በዚያ ክረምት ስለወለደች ልጇን ጀርባዋ ላይ አስደግፋ ትንሳፈፋለች። ሽማግሌው «ጎረቤታችን» ይሏታል። «ጎረቤታችን ዛሬ ዘገየች።» «ጎረቤታችን ልጇን ጡት ልታስጥለው ነው መሰል።» ጉማሬ ጡት ስታስጥል በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ ይህንንም ጠረጠርሁት።

መስከረም ከጠባ በኋላ አንድ ማለዳ ከባጃጅ ስወርድ ዳርቻው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። የሽማግሌው ልጅ፣ ያገባ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡን ሊያነሣ በታንኳ ወጥቶ ሳለ ተጎድቷል። አንድ እግሩ ደቅቋል። ከውሃ አውጥቶ ሆስፒታል ያደረሰው ዳርቻውን ያጠረው ባለ ሞተር ጀልባው ነው። ሸሚዙ ደም እንደነካው ተመልሶ በሰው መሀል ቆሟል።

«ጉማሬዋ ናት! ያች ባለ ጠባሳዋ፣ ከነልጇ!» ይላል። «በዓይኔ ነው ያየኋት! እኔ ባልደርስ ኖሮ ጨርሳው ነበር!»

ሴቶቹ ይመርቁታል። ወንዶቹ ትከሻውን ይዳብሱታል። ጎብኚዎችን ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ፣ ግን ለጋስ ነው የሚባል ሰው ነበር። እኔም ሰው ማትረፉን አመሰገንሁ። ነገር ግን ሰውዬው በአንድ ትንፋሽ «በዓይኔ አየሁ» የሚለውን ደጋገመው። ያየ ሰው አንዴ ይናገራል፤ እመኑኝ የሚል ነው የሚደጋግመው። ይህም የአባቴ ትምህርት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ገበሬዎቹ በቆሏቸውን አስበው፣ ባለ ጀልባዎቹ እንግዶቻቸውን አስበው፣ ጉማሬዋ ትገደል አሉ። ቀበሌው በሕጉ መሠረት ስብሰባ ጠራ። ጉማሬ እንዲሁ ተነሥቶ አይገደልም፤ «ልማደኛ ናት» ተብሎ መመስከር አለበት። ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የተጎጂው አባት በመሐላ ጉማሬ ናት ይላሉ፣ እኔ ደግሞ የትኛዋ እንደሆነች አሳያለሁ። ከዚያ ተኳሽ ይመጣል። እናቲቱ ከሞተች ጡት ያልጣለው ልጇም ይሞታል። ነገሩ ይኸው ነበር፤ የሁለቱ ሕይወት በሽማግሌው ምላስና በእኔ ጣት ላይ ነበር።

ሆስፒታል ሄድሁ። የሽማግሌው ልጅ በጀሶ ታስሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። አባትየው ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እግዜር ያውጣው፣ አባቴ።»

«አሚን።»

«ልጅዎ ምን አለ? እንዴት ሆነ አለ?»

«ልጄ አሞታል።»

«እርስዎስ ምን ያስባሉ?»

«እኔ ምኑን አየሁት» አሉ።

ልጁን ጉማሬ የሰበረበት አባት ይጮኻል፣ ይረግማል፣ ቢያንስ ያለቅሳል። እሳቸው ስሟን እንኳ አላነሡም። ይህ ዝምታ አላማረኝም። ደም ለመመለስ አስበው ይሆናል አልሁ። የአያቶቻቸው ጦር አንድ ቦታ ይኖራል፤ ተኳሽ እስኪመጣ ምን ያስጠብቃቸዋል። በማግስቱ በማለዳ ጉማሬዋ ከውሃ ወጥታ ወደ ሣሩ ወደምታልፍበት መንገድ ሄድሁ። ሽማግሌው ደንገሉ መሀል ቆመው አገኘኋቸው። ማጭድ ይዘዋል፤ ግን አያጭዱም።

«ምን ትሰልይኛለሽ?» አሉኝ ዘወር ሳይሉ።

«እርስዎስ ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«እንዳይቀድሙኝ ብዬ ነው።»

ከዚህ በላይ ምን ይባል! ቤቴ ገብቼ ነገርሁት፤ ባሌ ራሱ በዚያ ቀን አልሳቀም። «ሰውዬው ሊገድላት ነው» አለ። እኔም እንደዚያው ነበር ያመንሁት።

የዚያኑ ሰሞን ነው ታንኳውን ልብ ብዬ ያየሁት። እዚያ አካባቢ ሰው የተጎዳበት ታንኳ ወደ ውሃ አይመለስም፣ ለማገዶም አይሆንም። በቤቱ ደጅ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ የተጎዳው ሰው በእግሩ ቆሞ ራሱ እስኪያነሣው ድረስ ማንም አይነካውም። የልጁም ታንኳ በሽማግሌው ደጅ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ተገልብጧል። ባለ ጀልባው ታንኳው እዚያ በመቀመጡ እንቅልፍ ያጣ ይመስል ነበር። አንዴ «ለልጁ መጥፎ ማስታወሻ ነው፣ ወስጄ ላቃጥለው» አለ። ሌላ ጊዜ ሰው ልኮ «ደጁን አጨናንቋል» አስባለ። ሽማግሌው «ልጄ በእግሩ ሳይቆም አይነሣም» ብለው መለሱ። የሰው ደጅ መጨናነቅ ለምን አሳሰበው? ይህን እያሰብሁ ሳለ ደግሞ የሰውዬው የሞተር ጀልባ ከውሃ ወጥቶ አየሁ። አፍንጫውን ቀይ ቀለም እየቀቡት ነው። በዓል የለ፣ እንግዳ የለ። እስከ ትናንት ድረስ ሰማያዊ ነበር።

ባለቤቶቹ ሆስፒታል በሄዱበት ሰዓት ማየት ስላልፈለግሁ ሽማግሌው እስኪመጡ ጠብቄ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ታንኳው ሥር ተንበረከክሁ። እዚህ ላይ ሙያዬ ረዳኝ። ጉማሬ ታንኳ ከመታ ከሥር ነው የሚያነሣው፤ ከነከሰም ክራንቻው ደንገሉን በስቶ ያልፋል፣ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ይተዋል። እንዲህ ያለ ታንኳ ሌላ ቦታ አይቻለሁ። ይህኛው ሆዱ ደህና ነው። የተጎዳው ጎኑ ነው፤ ከጎኑ መጥቶ አንድ ስለት ያለው ከባድ ነገር እንደ ሸንኮራ ቆርጦታል። ተቆርጦ በተበጣጠሰው ደንገል ጫፍ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ተላጦ ቀርቷል። ትንሽ ቁራጭ ነቅዬ ለሽማግሌው አሳየኋቸው።

አላዩትም። «አይቸዋለሁ» አሉ።

«እና ለምን አይናገሩም? በጀልባው ነው የገጨው እኮ! በፍጥነት ሲመጣ ነው የገጨው!»

«ቀስ በይ።»

«ቀስ አልልም!»

መሬት ላይ ተቀመጡ። ያለወትሮአቸው እጃቸው ባዶ ነበር።

«ደንገሌን የማሰጣው በማን ሜዳ ነው? የምተኛውስ በማን አጥር ነው?» አሉ። «ገጨው፤ ግን ትቶት አልሄደም። ተሸክሞ አመጣው። ልጄ 'አባ፣ ተወው' ብሎኛል። እንግዲህ ምን ላድርግ?»

«ጉማሬዋ ትሙት?»

«እኛ ቤት አፍ በሌለው ላይ አይመሰከርም» አሉ። «አባቴ ጉማሬ ገድሏል፤ በጉማሬ ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም። እኔም አልዋሽባትም። አፍ ባለው ላይ ደግሞ አቅም የለኝም።»

«ባለፈው ጠዋት ደንገሉ ውስጥ እንዳይቀድሙኝ ያሉኝስ?»

«ገበሬዎቹ ከስብሰባው በፊት ወጥመድ እንዳይጥሉባት ነዋ። አንች ምን መስሎሽ ነበር?»

ምን እንደመሰለኝ አልነገርኋቸውም፤ ግን ፊቴን አይተው ሳያውቁት አልቀሩም።

«እርስዎ ካልቻሉ እኔ እናገራለሁ» አልኋቸው።

«አንች ማታ ማታ ዓባይ ማዶ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አሉኝ ያለ ቁጣ። «እኛ እዚሁ ነን።»

ስብሰባው በዋርካው ሥር ተደረገ። ሊቀ መንበሩ መሀል፣ ገበሬዎቹ በአንድ ወገን፣ ባለ ጀልባዎቹ በሌላ ወገን ተቀመጡ፤ ሽማግሌው ኩታቸውን ተከናንበው ከዳር ናቸው። የቀለሙን ቁራጭ በሶፍት ጠቅልዬ በመዳፌ ይዣለሁ። ባለ ጀልባው ተነሥቶ እንደ ልማዱ በዓይኔ አየሁ አለ። ዛሬ ግን ድምፁ ከሞተሩ አልበለጠም። ገበሬዎቹ የበቆሏቸውን ብሶት ጨመሩበት። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ባለሙያዋ፣ እንግዲህ የትኛዋ ናት?»

«የትኛዋም አይደለችም» አልሁ። «ይህን ያደረገው ጉማሬ አይደለም።»

ሰዉ ተንጫጫ። «ለከብቶቿ ስትከላከል ነው!» አለ አንድ ገበሬ፤ ሁሉም ሳቀ። ስለ ክራንቻው፣ ስለ ታንኳው ሆድ፣ ጉማሬ ከሥር እንጂ ከጎን እንደማይመታ አስረዳሁ። «ደጃቸው ላይ ተገልብጧል፤ ሄዳችሁ እዩት» አልሁ። ሳቁ እየቀነሰ መጣ።

«ጉማሬ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

መዳፌን ልከፍት ነው። ባለ ጀልባው ጫማውን ያያል። አፌን ስከፍት ሽማግሌው ተነሡ።

«መሐላ የሚያስፈልገው ከእኔ አይደል?» አሉ። «እንግዲያው እኔ ልናገር። ታንኳው የእኔ ሥራ ነው። አልያዘም። ቢይዝ ኖሮ ልጄ አይወድቅም ነበር። ጉማሬዋ የለችበትም።»

«ተፈታ ነው የሚሉን?»

«አልያዘም ነው የምላችሁ።»

«እግሩስ?»

«የወደቀ ሰው ይሰበራል።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ባለ ጀልባው ዞሮ «አንተ በዓይኔ አየሁ ብለህ ነበር» አለው። ምን ያለበት ዝላይ አይችልም። «ውሃው ሲናጥ… እሷ መስላኝ… ማለዳም ስለነበር…» እያለ ተንተባተበ። ከገበሬዎቹ አንዱ ሽማግሌውን እያየ ከንፈሩን መጠጠ፤ ሌላው «ለገዛ ልጁ የማይረባ ታንኳ!» አለ፣ እንዲሰማ አድርጎ።

ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። እንደዚያ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። የለመኑኝ ነገር ግልጽ ነበር። መዳፌን ብከፍት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም አስመስላቸዋለሁ፣ ከሜዳውም አስነሣቸዋለሁ። አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገሩም፤ የሰውን ስምም አላነሡም። ያላቸውን ብቸኛ ሀብት፣ የእጃቸውን ስም፣ መሬት ላይ ጥለው በላዩ ላይ ቆሙበት። ሶፍቱን ኪሴ ከተትሁት። ተናደድሁ፤ በጣም ተናደድሁ። በባለ ጀልባው ብቻ አይደለም፣ በሽማግሌውም ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠረጥሩ መክረም ደግሞ ያሳፍራል።

ጉማሬዋ ተረፈች። ሽማግሌው ግን ወደቁ። ታንኳ ሠሪ ሱቅ የለው፣ ማስታወቂያ የለው፤ ያለው ስሙ ነው። መሀል ሐይቅ ላይ ለሚውል ሰው ቋጠሮው ነፍሱ ናትና ማን ይፈርድበታል? ተራ ይዘው ሲጠብቁ የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሠሪ ሄዱ። ሜዳው ላይ የተሰጣው ደንገል ደረቀ፣ ከዚያም ከልክ በላይ ደረቀና መሰባበር ጀመረ። ወሬው ከተማ ገባ። ሹም አቦ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ጎረምሶች ስለ ፈረሰ እጮኝነት ሲያወሩ «እንደ ሽማግሌው ታንኳ ተፈታ» ብለው ሲሳሳቁ ሰማሁ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ልጁ በክራንች ተመልሶ ቤት ገባ። በእግሩ ስላልቆመ ታንኳው እዚያው ደጃፍ ላይ እንደተገለበጠ ነው። ጎኑ ተቆርጦ፣ ሰማያዊው ቀለም ተለጥፎበት፣ ሰው ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል። የተፈታ አንድ ቋጠሮ እንኳ የለበትም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። አይቶ ዝም ያለ ብዙ ሰው እንዳለ እጠረጥራለሁ። ሁሉም ማታ እዚያው ነው የሚያድረው።

አንድ ጠዋት ሽማግሌውን «ታንኳ ይሥሩልኝ» አልኋቸው።

«ለምንሽ?»

«ለሥራ።»

«ውሃ ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ።»

ዓይናቸውን አጥበው አዩኝ፤ አሁን ጠርጣሪው እሳቸው ሆኑ። «ለምጽዋት ከሆነ ሂጅ።»

«ጎረቤታችንን ከቅርብ ላያት ብዬ ነው።»

አላመኑኝም። ግን አዲስ ደንገል አጭደው ጀመሩ። ልጡን እንደ ወትሮው በጥርስ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ፈትሸው፣ ያሰሩትን ፈትተው እንደገና ሲያስሩ አየኋቸው። ያሉትን ነገር ራሳቸው ማመን እንዳይጀምሩ ፈራሁ። ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ክፉ ቃል ከሌላው ሐሜት ይልቅ ይጣበቃል።

ታንኳው ወደ ውሃ የሚገባበት ቀን ቅዳሜ ሆነ፤ ዓሣ የሚገዛውም የሚሸጠውም ዳርቻው ላይ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ልጁ በክራንቹ ተደግፎ አባቱ አጠገብ ቆመ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ደንገሉ ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ቋጠሮ ሁሉ የሚፈትሸው ዓይኔ ያን ቀን አንዱንም አልፈተሸም።

«ኧረ ሴትዮ፣ ዋና ትችያለሽ?» አለ አንዱ ዓሣ ሻጭ። «ይህስ መቼ ነው የሚፈታው?»

ሰዉ ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ባለ ጀልባው ከአጠገባችን ቀይ አፍንጫ ባለው ጀልባው ላይ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ጀሪካኑን አስቀመጠ።

«የእሳቸው ታንኳ አይፈታም» አለ።

«ምነው! ያኛው ተፈታ እኮ!»

«ያኛውም አልተፈታም።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ዓሣ ሻጩ ወደ ቀይ ቀለሙ አየ፣ ከዚያ ደጃፍ ላይ ወደ ተገለበጠው ታንኳ አየ፣ ከዚያ የያዘውን ዓሣ ያገላብጥ ጀመር። ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ። ባለ ጀልባው ሞተሩን አላስነሣም፤ በመቅዘፊያ እየገፋ ከዳርቻው ራቀ። ከጸጸት ይሁን፣ ልጁ ክራንቹን ጥሎ እስኪቆም መጠበቅ ከብዶት ይሁን፣ ሰው ሁሉ ማወቁን አውቆ ይሁን አላወቅሁም።

ሽማግሌው ቀና አላሉም። ወገባቸውን አጉብጠው፣ ልጡን እንደ ድሮው በጥርሳቸው ይዘው፣ እኔ በተቀመጥሁበት ታንኳ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ጨመሩ። ታንኳው ተሠርቶ አልቋል፤ ያ ቋጠሮ አያስፈልገውም ነበር። ፊታቸውን ለመሸሸግ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።